ድረ ገጹ «ዛሬ ነው» ሲል፦ ሠንጠረዥ፣ ስክሪፕትና የእኛ ቀን

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ድረ ገጽ የምይዘው እኔ ነኝ። ብዙ የሚወራለት ገጽ አይደለም። ያሉት ሁለት ሠንጠረዦች ናቸው። አንዱ የሳምንቱ የእህል ዋጋ ነው፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ሽምብራ። ሌላው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በየጣቢያው የሚከፋፈልበት ቀን ነው። ሥራውን ስረከብ «ሁለት ሠንጠረዥ ምን ያስቸግራል?» ብዬ ነበር። ያስቸገረኝ ሠንጠረዡ አልነበረም፤ በውስጡ ያለው ቀን ነው። የፈተና ፕሮግራም፣ የክሊኒክ ቀጠሮ፣ የዕድር መዋጮ ወይም የጉባኤ ጥሪ በአማርኛ ገጽ ላይ የምታወጡ ካላችሁ፣ እኔ የለፋሁበትን እናንተ እንዳትለፉበት ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ መልኩ ላውራ፤ ቀላሉ እሱ ነው። የተረከብኩት ሠንጠረዥ ከማይክሮሶፍት ወርድ ተገልብጦ የተለጠፈ ነበር። እያንዳንዱ ሳጥን የራሱን ቀለም፣ የራሱን ስፋትና የራሱን የፊደል ዓይነት ተሸክሟል። ኮምፒውተር ላይ ያምራል። ገበሬው ግን ኮምፒውተር የለውም። ገጹን የሚያየው በልጁ ስልክ ነው፤ ያውም ደጅ ላይ፣ ፀሐይ እየመታው። በስልክ ሲከፈት ገጹ በሙሉ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ዋጋው ሲታይ የእህሉ ስም ይጠፋል።

ያንን ሁሉ አራግፌ ባዶ ኤችቲኤምኤል (ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ) አደረግኩት። የሠንጠረዡ ርዕስ ካፕሽን፣ የዓምዶቹ ስም ቲኤች፣ የቀረው ቲዲ በሚባል ምልክት ውስጥ ገባ። መልኩን በሙሉ ወደ አንድ የሲኤስኤስ ፋይል (የገጹ ቀለምና አቀማመጥ የሚጻፍበት) አወጣሁት። ከዚያ በኋላ አንድ ቀለም ለመቀየር አንድ መስመር ብቻ ነው የምነካው። እናንተም ከወርድ የተለጠፈ ነገር ካጋጠማችሁ ለመጠገን አትሞክሩ። ጥሉትና ከባዶ ጀምሩ፤ ቶሎ ያልቃል።

ለስልክ የሚበጀው ሠንጠረዡን ዲቭ በሚባል መያዣ ሳጥን ሸፍኖ ለዲቩ «ኦቨርፍሎው ኤክስ ኦቶ» መስጠት ነው። ያኔ የሚንሸራተተው ሠንጠረዡ ብቻ ነው፤ ገጹ ባለበት ይቆያል። የእህሉ ስም ያለበትን የመጀመሪያ ዓምድ ደግሞ «ፖዚሽን ስቲኪ» በሚለው ትዕዛዝ ከግራ አስይዙት። እዚህ ላይ ሰው ፀጉሩን የሚነጭባቸው ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ለተያዘው ዓምድ የጀርባ ቀለም ካልሰጣችሁት ከሥሩ የሚያልፈው ጽሑፍ ከላዩ ጋር ይደራረባል። ሁለተኛ፣ «ቦርደር ኮላፕስ» የሚለውን ከተጠቀማችሁ የተያዘው ሳጥን መስመሩን ጥሎ ይቀራል። «ሴፐሬት» አድርጉትና ክፍተቱን ዜሮ በሉት። ሦስተኛ፣ የላይኛውን ረድፍም ማስያዝ ከፈለጋችሁ ዲቩ የከፍታ ወሰን ያስፈልገዋል። ካልተሰጠው ረድፉ የሚያዘው ከዲቩ ጋር እንጂ ከገጹ ጋር አይደለምና፣ ምንም ያልሠራ ይመስላችኋል።

ቁጥሮችን ወደ ቀኝ አስጠጉ። «ፎንት ቫሪያንት ኑሜሪክ» ላይ «ታቡላር ኑምስ» ካደረጋችሁ፣ ፊደሉ የሚደግፈው ከሆነ፣ አሃዝ በአሃዝ ሥር ይሰለፋል፤ ዋጋው መጨመር መቀነሱ በዓይን ይታያል። «ብር በኩንታል» የሚለውን በየሳጥኑ አትደጋግሙት፤ የዓምዱ ስም ላይ አንዴ ይበቃል። ቀን ያለበት ዓምድ ላይ «ኖራፕ» አድርጉ። አለዚያ ጠባብ ስልክ ላይ «ሰኔ» ላይ ይቀርና «12» ሥሩ ይወርዳል። የመስመር ከፍታውን ደግሞ ወደ 1.6 አካባቢ ከፍ አድርጉት፤ ፊደላችን በጠባብ መስመር ይታፈናል። ረድፎቹን አንድ ባንድ እየዘለሉ ፈዘዝ ባለ ቀለም መቀባት ጥሩ ነው። የጽሑፉ ቀለም ግን ጥቁር ይሁን። ግራጫ ጽሑፍ ቢሮ ውስጥ ዘመናዊ ይመስላል፤ ፀሐይ ላይ አይነበብም።

ፊደል ከሩቅ ሰርቨር አትጥሩ። አብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ኖቶ የሚባለውን የግዕዝ ፊደል ይዘው ነው የሚመጡት፤ ዊንዶውስም ኒያላ ወይም ኢብሪማ አለው። የእኛ ኔትወርክ በደከመ ቀን ፊደል እስኪወርድ መጠበቅ ማለት ባዶ ገጽ ማየት ማለት ነው። ገጹ አናት ላይ የፊደል አመዘጋገቡ ዩቲኤፍ-8 መሆኑንና ቋንቋው አማርኛ መሆኑን መጻፍ ግን እንዳትረሱ። በቆዩ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ፋይል ከተሰጣችሁ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም መሣሪያ ወደሚያነበው የፊደል አመዘጋገብ) ቀይሩት፤ ካልቀየራችሁት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው የሚወጣው።

እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ገጹ አማረ፣ አለቆቼም አመሰገኑ። ከዚያ ግንቦት መጣ።

አንድ አባት ከሉማሜ በኩል ጋሪ ተከራይተው ዩሪያ ሊወስዱ መጡ። መጋዘኑ ዝግ ነው። ዘበኛው ወደ እኔ ላካቸው።

«አንች ልጄ፣ ስልኩ ዛሬ ነው ይላል። በሩ ግን ዝግ ነው።»

«አባቴ፣ ነገ ነው እኮ። ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።»

«ሰሌዳውን ማን አየው? እኔ ያየሁት የልጄ ስልክ ላይ ነው።»

ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። እውነታቸውን ነው። ሰሌዳው ላይ ግንቦት 22፣ ገጹ ላይ ግንቦት 21። የጋሪው ኪራይ ከኪሳቸው ወጥቷል፤ አንድ የሥራ ቀንም ጠፍቷል፤ ያውም በእርሻ ወቅት። የዋጋው ሠንጠረዥም እንደዚሁ በአንድ ቀን ሲቀድም እንደኖረ የገባኝ ያኔ ነው። ዋጋ በአንድ ቀን ቢዛነፍ ማንም ልብ አይለውም፤ ቀጠሮ ሲዛነፍ ግን ሰው ይጉላላል።

ምክንያቱን ስፈልገው ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ በጻፈው ስክሪፕት (ቀኑን የሚያሰላ አጭር ፕሮግራም) ውስጥ አገኘሁት። ስክሪፕቱ የገባውን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን ይቀይረዋል፤ ግንቦት 22 ሜይ 30 ይሆናል። ይህ ልክ ነው። ከዚያ ስክሪፕቱ በተጻፈበት ቋንቋ፣ በጃቫስክሪፕት፣ «ዴት» የሚባል የቀንና የሰዓት መያዣ ያደርገዋል። ሰዓት ስላልተሰጠው የእኛን ሌሊት 6 ሰዓት፣ ማለትም የፈረንጁን እኩለ ሌሊት ይይዛል። ዳታቤዝ ውስጥ ሲያስቀምጠው ደግሞ «ቱ አይኤስኦ ስትሪንግ» የሚባለውን ይጠራል። ያ ትዕዛዝ ሁልጊዜ የሚጽፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። እኛ ከዚያ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። 3 ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ ሜይ 29፣ ማታ 3 ሰዓት ሆነ። ሰዓቱን ቆርጦ ቀኑን ብቻ ሲያስቀር የቀረው 29 ነው። ስህተት የሚል መልእክት የለ፣ ቀይ ምልክት የለ። አንድ ቀን ብቻ በጸጥታ ይጠፋል።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ዓመት፣ ወርና ቀን በሰረዝ ተያይዞ ብቻውን ሲሰጠው ጃቫስክሪፕት በዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊት አድርጎ ይወስደዋል። እኛ ዘንድ ሲታይ ሌሊት 9 ሰዓት ነውና ቀኑ አይለወጥም። ዋሽንግተን ያለ የገበሬ ልጅ ለአባቱ ሊያይለት ሲከፍተው ግን የሚያየው የዋዜማውን ቀን ነው። «እኔ ጋ ልክ ነው» ብላችሁ አትተዉት ማለት ነው።

መፍትሔው ቀንን ከሰዓት ጋር አለማጋባት ነው። ማዳበሪያ የሚከፋፈልበት ቀን ሰዓት የለውም፤ ቀን ነው። በዳታቤዝ ውስጥ ዓመት-ወር-ቀን ሆኖ እንደ ጽሑፍ ይቀመጥ። ስሌት ስታስፈልጋችሁ «ዴት ዩቲሲ» በሚለው ብቻ ሥሩ፤ ስታሳዩም የሰዓት ክልሉን ዩቲሲ በሉት፤ ዓለም አቀፉ ሰዓት ያልኩት እሱ ነው። ገብቶ እስኪወጣ በአንድ ክልል ከቆየ የሚሸራረፍ ነገር የለም። ወሩን በቁጥር ስትሰጡት ጃንዋሪን 0 ብሎ እንደሚጀምርም አስታውሱ። ይሄ የጃቫስክሪፕት ጠባይ ነው፤ ብትናደዱም አይለወጥም።

ስክሪፕቱን ከከፈትኩት አይቀር ቅየራውንም አየሁት። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10 እያለ የሚዘልቅ ዝርዝር ነበር። ብዙ ሰው እንደዚህ ነው የሚሠራው፤ ለብዙው ጊዜም ልክ ነው። የሚሰበረው ጳጉሜን 6 ስትሆን ነው። 2015 ላይ ጳጉሜን 6 ነበረች። ስለዚህ የ2016 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ከዚያ ጀምሮ እስከ የካቲት 21 ድረስ ዝርዝሩ በአንድ ቀን ይስታል። ጥምቀትን አስታውሱ፤ በዚያ ዓመት ጥር 11 የዋለው ጃንዋሪ 20 ነው፤ በ2017 ግን ጃንዋሪ 19። ፌብሩዋሪ 29 ካለፈ በኋላ ሁለቱ ቀን አቆጣጠሮች መልሰው ይገጥማሉ። ስህተቱም ራሱን ይሰውራል፤ ማንም ሳያገኘው ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ይተኛል። ቀጣዩ ጳጉሜን 6 በ2019 መጨረሻ ነው። አሁን ልክ የሚመስለው ስክሪፕታችሁ 2020 ሲገባ ሊያሳፍራችሁ ይችላል።

በዝርዝር ፋንታ ቀን ቁጠሩ። አጭር ሂሳብ ነው። ከዓመተ ምሕረቱ 1 ቀንሱና በ365 አባዙ። ዓመተ ምሕረቱን ራሱን ለ4 አካፍሉና ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ደምሩበት። ከወሩ ቁጥር 1 ቀንሱ፣ በ30 አባዙ፣ ደምሩ። ከቀኑም 1 ቀንሳችሁ ደምሩ። ከጠቅላላው ላይ 716,367 ቀንሱ። የቀረው ጃቫስክሪፕት መቁጠር ከጀመረበት ቀን ያለው የቀን ብዛት ነው። ያ ቀን በፈረንጁ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ነው። ውጤቱን በ86,400,000 ብታባዙት ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ ለ«ዴት» በቀጥታ ትሰጡታላችሁ። መስከረም 1 ቀን 2017ን ሞክሩት፤ 19,977 ይመጣል፤ እሱም ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። ጳጉሜን 13ኛ ወር ሆና በዚሁ ትገባለች፤ የተለየ ሕግ አያስፈልጋትም።

«ብሮውዘሩ ራሱ የኢትዮጵያን ቀን ያውቅ የለ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ያውቃል። «ኢንትል» በሚባለው የጃቫስክሪፕት ክፍል ውስጥ ያለው ቀን ጻፊ አማርኛና ኢትዮጵያ ብቻ ስትሉት አይበቃውም፤ «ሴፕቴምበር» የሚለውን በግዕዝ ፊደል ጽፎ ይሰጣችኋል። የዘመን አቆጣጠሩ «ኢትዮፒክ» መሆኑንም መንገር አለባችሁ። ያኔ መስከረም ይላል። ለማሳየት ጥሩ ነው፤ ለመቀበል ግን አይጠቅምም። ከእኛ ቀን ወደ ፈረንጁ አይቀይርላችሁም። የቃላቱ ቅደም ተከተልና «ዓ/ም» የሚለው አጻጻፍም ሁልጊዜ እንደምትፈልጉት አይመጣም። «ፎርማት ቱ ፓርትስ» በሚለው ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ለየብቻ ተቀብላችሁ ራሳችሁ ብትገጥሙት ይሻላል። እኔ በመጨረሻ የአሥራ ሦስቱን ወራት ስም ራሴ ጻፍኩት። አጻጻፉም በእጄ ሆነ፣ አሮጌ ስልክም አላስቸገረኝ።

ቀን መቀበያ ፎርሙ ላይም ያው ነው። ብሮውዘሩ የሚሰጠው የቀን መምረጫ ፈረንጅኛ ብቻ ነው። የጣቢያ ሠራተኛ ሰኔን ጁን ብሎ ቀይሮ እንዲያስገባ መጠበቅ ስህተት መጋበዝ ነው። ሦስት ምርጫ ሳጥን አድርጉ፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ጳጉሜን ስትመረጥ ቀኑ 5 ላይ ይቁም፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈው 6 ላይ።

ኤክሴል ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከየጣቢያው የሚመጣልን ፋይል በኤክሴል ነው። ሠራተኛው 12/2/2017 ብሎ ይጽፋል፤ ጥቅምት 12 ማለቱ ነው። በአሜሪካ አቀማመጥ የተጫነ ኤክሴል ዲሴምበር 2 ብሎ ይውጠዋል። 2017 በፈረንጁም ያለ ዓመት ነውና አይጠረጥርም። 13/2/2017 ሲጻፍ ግን 13ኛ ወር ስለማያውቅ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ከ1 እስከ 12 ያሉት ቀናት ቀን ሆነው፣ ከ13 ወዲያ ያሉት ጽሑፍ ሆነው ይቀላቀላሉ። መለያው ቀላል ነው። ዓምዱን ተመልከቱ፤ አሰላለፉን ማንም ካልነካው ወደ ቀኝ የተጠጋው ተውጧል፣ ወደ ግራ የተጠጋው ድኗል። የተዋጠውን በግምት አትመልሱት፤ የላከውን ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ለወደፊቱ ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይጻፉ። እኛ ዘንድ ይህ ከተደረገ ወዲህ ጭቅጭቁ ቆሟል።

ሰዓትም የራሱ ወጥመድ አለው። የብሮውዘሩ አማርኛ 8:30ን «8:30 ጥዋት» ብሎ ይጽፋል። እኛ ዘንድ ያ 2:30 ነው። ስምንት ሰዓት ተኩል ያነበበ ሰው ከምሳ በኋላ ይመጣል። 6 ሰዓት ራሳችሁ ቀንሱና «ከጠዋቱ 2:30» ብላችሁ ጻፉ። ለብሮውዘሩ አትተዉት።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ኮድ አይደለም። ከቀኑ አጠገብ የሳምንቱን ቀን ጻፍኩ፤ ከሥሩ ደግሞ በትንሽ ፊደል ወርኃዊውን በዓል። ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017፣ ሚካኤል። በእኛ አገር ሰው ቀን የሚይዘው በቁጥር ብቻ አይደለም። «ለሚካኤል ማግስት»፣ «ከጊዮርጊስ በፊት» ነው የሚለው። ሐሙስና ሚካኤል ካልገጠሙ አንባቢው ራሱ ይደውላል፤ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ተሳስቷል» ይላል። እንዲህ ያለ ተቆጣጣሪ በገንዘብ አይገኝም። የማከፋፈያውን ቀን የሚያወጡት ኃላፊዎችም ከዚያ ወዲህ ሰኔ ሚካኤል ላይ ቀጠሮ ከመያዝ ይጠነቀቃሉ፤ በዚያ ቀን ማን ይመጣና! ሥራውም ቀላል ነው። ዝርዝሩን በቀን ቁጥር አስቀምጡት፤ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም። የሳምንቱን ቀን ለማግኘት ደግሞ ያንን የቀን ብዛት ለ7 አካፍሉ፤ ምንም ካልተረፈ ሐሙስ ነው፤ 1 ከተረፈ ዓርብ።

ይህን ሁሉ ጽሑፍ ገጹ ሲከፈት በስክሪፕት አታምጡት። ቀኑ ሲመዘገብ አንድ ጊዜ ተሰልቶ በአማርኛ ተጽፎ ይቀመጥ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ኤችቲኤምኤሉ ወርዶ ስክሪፕቱ ላይወርድ ይችላል። ያኔ ሰው ባዶ ሳጥን ያያል፤ ወይም የፈረንጅ ቀን አይቶ የእኛ ይመስለዋል። ጽሑፉን «ታይም» በሚለው ምልክት ውስጥ አድርጉት፤ የፈረንጁን ቀን «ዴትታይም» በሚለው ባሕርዩ ላይ ደብቁት።

የተደበቀው ቀን ለመደርደርም ያስፈልጋችኋል። የዓምዱ ስም ሲነካ እንዲደረደር ያደረግኩ ጊዜ ወራቱ በፊደል ተራ ተሰለፉ። ሐምሌ መጀመሪያ፣ ከዚያ መስከረም፣ ከዚያ መጋቢት፣ ጳጉሜን መጨረሻ። ጥር ከጥቅምት ቀደመ። አንዱ ጸሐፊ ኅዳርን በሃሌታው «ህዳር» ብሎ ጽፎት ስለነበር እሱ ከሐምሌም በፊት ወጣ። ድርደራው የሚታየውን ጽሑፍ ሳይሆን የተደበቀውን ቀን እንዲያነብ አድርጉት። በመንገዳችሁ ላይ ተራ ቁጥሩን በግዕዝ አሃዝ ማድረግ ካማራችሁ ሲኤስኤስ ውስጥ «ኢትዮፒክ ኑሜሪክ» የሚባል አለ። ፩፣ ፪፣ ፫ እያለ ይዘልቃል፤ ያምራል። ዋጋ ላይ ግን አትሞክሩት።

ለሙከራ የምጠቀምባቸውን ቀኖች ልንገራችሁ። ኮድ በነካሁ ቁጥር እነዚህን አስገባለሁ፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መሆን አለበት። ጥር 11 ቀን 2016 ጃንዋሪ 20 ቀን 2024። የካቲት 23 ቀን 2016 ማርች 2 ቀን 2024፤ የዓድዋ በዓል ስለሆነ ማንም አይረሳውም። መስከረም 1 ቀን 2020 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027። ከዚያ የኮምፒውተሩን ሰዓት ወደ አሜሪካ ቀይሬ እንደገና አያቸዋለሁ። አንዱ እንኳ ከተዛነፈ አላወጣውም።

የቀረው ሕትመት ነው። ስልክ የሌለው ሰው አሁንም የሚያየው ሰሌዳውን ነው። ድሮ ሰሌዳው የሚጻፈው በወርድ ለብቻው ስለነበር ነው ከገጹ ጋር የተለያየው፤ አሁን ወረቀቱም ከገጹ ነው የሚታተመው። ለሕትመት የተለየ ሲኤስኤስ ጻፉ። ማውጫውና ቀለሙ ይጥፋ፣ የዲቩ የከፍታ ወሰን ይነሳ፤ ካልተነሳ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ስክሪኑ ላይ የታየው ብቻ ነው። የዓምዶቹን ስም «ቲሄድ» ውስጥ ካስገባችሁ ብሮውዘሩ በየገጹ አናት ይደግመዋል። ረድፍ ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ ወደ ቀጣዩ ገጽ እንዳይወርድም ከልክሉት። ግርጌው ላይ «የታተመው በ» የምትል መስመር ከነሰዓቷ አስገቡ። ሰሌዳው ላይ አሮጌውና አዲሱ ወረቀት ጎን ለጎን ሲሰቀሉ፣ የትኛው የኋለኛው እንደሆነ የሚለየው በእሷ ነው።